የውጭ የጤና እርዳታና የመንግሥት በጀት፦ ድሬዳዋ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬ ላይ አንቱታ ስለማይበዛ ጥያቄም ዙሪያ ጥምጥም አይሄድም። «ፈረንጅ ለጤና ብር ሲሰጥ መንግሥት የራሱን ብር የት ያደርገዋል?» ተብሎ በቀጥታ ይጠየቃል። የአሜሪካ እርዳታ ከተቋረጠ ወዲህ ደግሞ ጥያቄው በርክቷል። ከዚህ በታች ያሉት ደጋግመው የሚነሱት ናቸው። አንዳንዱ መልስ ይረዝማል፣ አንዳንዱ በሁለት መስመር ያልቃል። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

እርዳታ ሲመጣ መንግሥት ለጤና የሚያወጣውን ይቀንሳል ይባላል። እውነት ነው?

በከፊል አዎ። ግን «ይቀንሳል» የሚለውን በደንብ እንየው።

ብዙ ሰው የሚጠቅሰው በ2010 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ በማደግ ላይ ያሉ አገሮችን ከ1995 እስከ 2006 ያለውን መረጃ ይዘው ሠሩ። ውጤቱ ብዙዎችን አስደነገጠ። ለመንግሥት በቀጥታ ለተሰጠ ለእያንዳንዱ 1 ዶላር የጤና እርዳታ፣ መንግሥት ከራሱ ኪስ ለጤና የሚያወጣው ከ43 ሳንቲም እስከ 1 ዶላር ከ14 ሳንቲም ድረስ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ገንዘቡ በተራድኦ ድርጅቶች በኩል ሲመጣ ግን ተቃራኒው ታየ። የመንግሥት ወጪ ጨመረ።

ይህን ሰምቶ «መንግሥታት ለጤና ማውጣት አቁመዋል» ማለት ስህተት ነው። በዚያው ጥናት ውስጥ፣ በእነዚያው ዓመታት የአገሮቹ የራሳቸው የጤና ወጪ በአጠቃላይ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ስለዚህ ነገሩ እንዲህ ነው፦ ወጪው አድጓል፤ እርዳታው ባይኖር ሊያድግ ይችል የነበረውን ያህል ግን አላደገም። ሬዲዮ ላይ በሰላሳ ሰከንድ ሲነገር ይህች ልዩነት ትጠፋለች።

ጥናቱን የተቃወሙ አልነበሩም?

ነበሩ፣ በደንብ። በ2012 ሌሎች ተመራማሪዎች ያንኑ መረጃ እንደገና መረመሩት። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የገንዘብ ድርጅት (አይኤምኤፍ) ለአንድ አገር፣ ለአንድ ዓመት የሚሰጡት ቁጥር አይገጥምም። የጎደለውም በግምት የተሞላ ነው። ከሌላው በጣም ያፈነገጡትን ጥቂት ቁጥሮች ሲያወጡ፣ ያ ትልቅ የተባለው ውጤት አብሮ ጠፋ።

እኔ የምይዘው አቋም ይህ ነው፦ አቅጣጫውን አምናለሁ፣ ሳንቲሙን አላምንም። እርዳታ ሲመጣ የመንግሥት ብር ቦታ እንደሚቀይር በጀት የሠራ ሰው ሁሉ ያውቃል። «ከዶላሩ ይህን ያህል ሳንቲም» ብሎ መማል ግን ከባድ ነው።

ለጤና የተባለ ብር እንዴት ወደ ሌላ ይሄዳል? ሌብነት ነው ማለት ነው?

አይደለም። ሌብነት ቢሆን ኖሮ ለኦዲተር ቀላል ነበር።

አንድ የድሬ ቤተሰብ እንውሰድ። አረብ አገር ያለች እህት «ይህ ለልጁ ትምህርት ቤት ክፍያ ነው» ብላ ብር ትልካለች። አባት ክፍያውን በታማኝነት ይከፍላል፣ ደረሰኙንም ፎቶ አንስቶ ይልክላታል። ግን አባት ለዚሁ ክፍያ ከደመወዙ ያስቀመጠው ብር ነበረው። ያ ብር አሁን ቆርቆሮ ይገዛበታል። ማን ሰረቀ? ማንም። እህት ግን ያለ እሷ እርዳታም ይከፈል የነበረ ነገር ነው የከፈለችው። ሳታውቀው የገዛችው ቆርቆሮውን ነው።

የመንግሥት በጀትም ከዚህ አይርቅም። የወባ መድኃኒት በግሎባል ፈንድ (ለኤችአይቪ፣ ለቲቢና ለወባ ገንዘብ በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ድርጅት) እንደሚገዛ ከታወቀ፣ ለወባ መድኃኒት ብር የሚይዝ የፋይናንስ ኃላፊ አይኖርም። ለመንገድ፣ ለውሃ፣ ለደመወዝ ጭማሪ ያዞረዋል። ሰነዱ ሁሉ ትክክል ነው። ለጋሹ መድኃኒቱ መገዛቱን አረጋግጦ ይሄዳል። ጥያቄው «መድኃኒቱ ተገዛ ወይ?» ብቻ ከሆነ መልሱ ሁልጊዜ «ተገዛ» ነው።

ደግሞ ይህ ሁልጊዜ መጥፎ ነው ብዬ አላስብም። የተላቀቀው ብር ለንጹሕ ውሃ ከሄደ የተቅማጥ በሽታን ከብዙ መድኃኒት በላይ ይቀንሳል። ለስብሰባ አዳራሽ ምንጣፍ ከሄደ ግን ሌላ ነገር ነው። የለጋሽ ሪፖርት ይህን አያሳይም፤ የከተማው በጀት ነው የሚያሳየው።

በእኛ አገር እርዳታው በየት በየት ይመጣል?

በጤናው ዘርፍ የሚሠሩ ሰዎች ሦስት ቻናል ይላሉ። ቻናል አንድ በገንዘብ ሚኒስቴር በኩል ያልፋል፤ ከመንግሥት ካዝና ጋር ይቀላቀላል። ቻናል ሁለት በቀጥታ ለጤና ሚኒስቴር ይሰጣል። ብዙ ለጋሾች ገንዘባቸውን አንድ ላይ የሚያስቀምጡበት የዘላቂ ልማት ግቦች ፈንድ በዚህ ውስጥ ነው። ቻናል ሦስት ለጋሹ ራሱ ወይም በመረጠው ድርጅት በኩል የሚያወጣው ነው። በመንግሥት ደብተር ላይ አይታይም፣ ወይም ዘግይቶ ይታያል።

ድሬዳዋ በፌዴራል መንግሥት ሥር ያለ የከተማ አስተዳደር ነው። ሐረር ደግሞ ክልል ነው። ሁለቱም ከራሳቸው ገቢ በተጨማሪ የፌዴራል የድጎማ በጀት ያገኛሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ታሪክ አለ። ለዓመታት በሠራ አሠራር፣ ለአንድ ክልል ተለይቶ በመንግሥት በኩል የመጣ የውጭ እርዳታ ከዚያው ክልል የድጎማ ድርሻ ላይ ይቀነስ ነበር። ሐሳቡ ፍትሐዊነት ነበር፤ ለጋሽ የወደደው ክልል ብቻ እንዳይጠቀም። ውጤቱ ግን ቀደም ብለን ያየነው ነው። እርዳታ ያመጣ የክልል ኃላፊ በአንድ እጁ ተቀብሎ በሌላው ይመልሳል። በተራድኦ ድርጅት በኩል የመጣው ግን በዚህ ስሌት አይያዝም ነበር። የክልል ቢሮዎች ለምን ኤንጂኦ ይወዱ እንደነበር ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልግም።

ሌላም አለ። ከ2005ቱ ምርጫ በኋላ ለጋሾች ለመንግሥት በቀጥታ የሚሰጡትን የበጀት ድጋፍ አቆሙ። በ2006 በምትኩ የመሠረታዊ አገልግሎቶች ፕሮግራም (ብዙዎች ፒቢኤስ የሚሉት) መጣ። ገንዘቡ በድጎማው ውስጥ አልፎ እስከ ወረዳ ወረደ። ከቅድመ ሁኔታዎቹ አንዱ መንግሥት የራሱን ድርሻ እንዳይቀንስ፣ የለጋሹ ገንዘብ ተጨማሪ እንዲሆን የሚጠይቅ ነበር። ለጋሾች ችግሩን ያውቁት ነበር ማለት ነው።

ለዚህ ነው «የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችን ደመወዝ የሚከፍለው ማን ነው?» ሲባል መልሱ እንደሚመስለው አጭር ያልሆነው። ፕሮግራሙ በ2003 ሲጀመር ትልቁ ጥንካሬው ሴቶቹ በመንግሥት ፔሮል ላይ መግባታቸው ነበር። ይህ እውነት ነው፤ ሌሎች ብዙ አገሮች እንዲህ ዓይነት ሠራተኛ በበጎ ፈቃድ ወይም በፕሮጀክት ነው የሚይዙት። ግን ፔሮሉን የሞላው ድጎማ ውስጥ በዚያ ዘመን የለጋሽ ገንዘብም ተቀላቅሎ ነበር። ያም ሆኖ ፔሮል ላይ የገባ ሰው ፕሮጀክት ሲዘጋ አይበተንም።

ቁጥሩ ምን ይላል?

መንግሥት በየጥቂት ዓመቱ የሚያወጣው ብሔራዊ የጤና ሂሳብ የሚባል ሪፖርት አለ። በ2010/11 ከጠቅላላው የጤና ወጪ ግማሹ ከለጋሾች ነበር። መንግሥት 16 በመቶ ገደማ፣ ቀሪው 34 በመቶ ገደማ ከቤተሰብ ኪስ። በ2013/14 ለጋሾች 36፣ መንግሥት 30፣ ቤተሰብ 33 በመቶ ሆነ። በ2016/17 ደግሞ 35፣ 32 እና 31። በነፍስ ወከፍ የሚወጣውም ከ21 ዶላር ገደማ ተነስቶ 33 ዶላር ገደማ ደረሰ።

እንግዲህ ይህን ስናይ የመንግሥት ድርሻ አድጓል። «እርዳታ ካለ መንግሥት ይተኛል» የሚለው ወሬ ከዚህ ጋር አይገጥምም። በሌላ በኩል ግን የቤተሰቡን ረድፍ ተመልከቱ። ብዙም አልተነቃነቀም። ሁለቱ ትልልቆች ድርሻ ሲቀባበሉ፣ ድል ጮራ ወይም ሕይወት ፋና ሆስፒታል ደጅ የቆመው አስታማሚ አሁንም ሲሶውን ይከፍላል። ለእኔ ከሁሉም ረድፍ ዋናው ይህ ነው። ፖለቲከኛም ለጋሽም በብዛት የማያነሳውም ይኸው ነው።

ያ 15 በመቶ የሚባለውስ?

በ2001 የአፍሪካ መሪዎች ናይጄሪያ፣ አቡጃ ላይ ከበጀታቸው 15 በመቶውን ለጤና እናውላለን ብለው ቃል ገቡ። ብዙዎቹ አልደረሱም። እኛም አልደረስንም።

እንግዲያው እርዳታው ሁሉ በኤንጂኦ በኩል ቢመጣ አይሻልም? ጥናቱስ ይህን አይደለም ያለው?

ጥናቱ የመንግሥት ወጪ እንደማይቀንስ ነው ያለው። አገልግሎቱ ይሻላል አላለም።

ችግሩን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከሐረር ወደ ባቢሌ ሲወጡ ቢሲዲሞ የሚባል የሕክምና ተቋም አለ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን በጀርመን የእርዳታ ድርጅት ገንዘብ የተሠራ ነው። ያ ድርጅት ራሱ የተመሠረተው በዚህ አካባቢ ያሉ ሕሙማን ታሪክ ጀርመን ደርሶ ነው። ዛሬ ቢሲዲሞ አጠቃላይ ሆስፒታል ነው፤ በመንግሥት ሥር። ለጋሽ ተቋም ሊሠራ ይችላል፣ ለአሥርት ዓመታትም ሊያስተዳድር ይችላል። በመጨረሻ ግን የነርሷን ደመወዝ፣ የጄኔሬተሩን ነዳጅ፣ የጣሪያውን ጥገና በየወሩ የሚከፍል አንድ አካል ያስፈልጋል። ያ አካል ለርክክብ በጀቱን ካላዘጋጀ ቁልፍ መረከብ ዕዳ መረከብ ነው።

የሠራተኛውም ጉዳይ አለ። ኤንጂኦ ሲመጣ ጥሩ ጥሩውን ባለሙያ ከጤና ጣቢያ ይወስዳል። ማን ይፈርድበታል? ደመወዙ እጥፍ ነው። የቀሩትም ቢሆኑ ሥልጠና ከተጠራ አበሉን አስበው ይሄዳሉ። ይህ በየትኛውም የሒሳብ ሠንጠረዥ ላይ እንደ ወጪ አይመዘገብም።

ክትባትስ? እሱ ላይ የእርዳታው ጥቅም የማያጠራጥር አይደለም?

እንደ ክትባቱ ዓይነት ነው፤ እዚህ ላይ የሚገርም ነገር አለ። ጋቪ የሚባለው ዓለም አቀፍ የክትባት ጥምረት በ2000 ተመሠረተ። ድሃ የሚባሉ አገሮችን በነፍስ ወከፍ ገቢ ለይቶ ይረዳል። ተመራማሪዎች ከመስመሩ ትንሽ በታች ያሉትን፣ ማለትም እርዳታ ያገኙትን፣ ከመስመሩ ትንሽ በላይ ካሉት ጋር አወዳደሩ። ርካሽ በሆነው የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ላይ ልዩነት አልታየም። መንግሥታቱ በራሳቸውም ይገዙት ነበርና እርዳታው የተካው የራሳቸውን ብር ነው። ውድ በሆኑት አዳዲሶቹ፣ በሳንባ ምችና በሮታ ቫይረስ ክትባቶች ላይ ግን ልዩነቱ ትልቅ ሆነ።

እኛ የሳንባ ምቹን በ2011፣ የሮታውን በ2013 ነው የጀመርነው። ያለ ጋቪ በዚያ ጊዜ የሚታሰብ አልነበረም። እንደ እኔ እምነት ለጋሽ ብሩን ማኖር ያለበት እዚህ ነው፦ መንግሥት በራሱ አቅም ሊገዛው የማይችለው ውድ ነገር ላይ። ርካሹንና የየዕለቱን ለባለቤቱ ይተው። ጋቪ ራሱም አገሮች ከእያንዳንዱ ክትባት ዋጋ ላይ ትንሽም ብትሆን እንዲያዋጡ ያስገድዳል። መጠኗ ለድሃዎቹ በአንድ ዶዝ 20 የአሜሪካ ሳንቲም ናት። ሳንቲሟ ትንሽ ናት፤ ዋናው የበጀት መስመሩ እንዳይዘጋ ማድረጓ ነው።

እርዳታው ሲቆም መንግሥት ቦታውን ይሸፍናል?

ሁሉም ሊያነበው የሚገባው ጥያቄ ይህ ነው። እርዳታ ሲመጣ የመንግሥት ብር ይወጣል፤ እርዳታው ሲሄድ ያ ብር ይመለሳል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው። በ2014 የወጣ አንድ ጥናት እርዳታ ሲጨምርና ሲቀንስ ለየብቻ ተመለከተ። ሲጨምር የመንግሥት ወጪ ይሸሻል። ሲቀንስ ግን በአማካይ አይመለስም። ለምን? ያ ብር አሁን የሌላ ሰው ደመወዝ፣ የሌላ ቢሮ ነዳጅ ሆኗል። ማን ይለቃል?

በጃንዋሪ 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን አገደ። በዚያው ሰሞን ጤና ሚኒስቴር በአሜሪካ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ያህል የጤና ባለሙያዎች ውል እንዲቋረጥ ለክልሎች ጻፈ። አብዛኞቹ ኤችአይቪ ላይ የሚሠሩ ነበሩ። በጁላይ 2025 የአሜሪካ መንግሥት የእርዳታ ድርጅት የሆነው ዩኤስኤአይዲ ተዘጋ። እነዚህ ሰዎች በመንግሥት ጤና ጣቢያ ቁጭ ብለው፣ ለመንግሥት ሕሙማን መድኃኒት ይሰጡ ነበር። በፔሮሉ ላይ ግን አልነበሩም። ከጤና ኤክስቴንሽኖቹ ጋር ያለውን ልዩነት አያችሁት?

አንዳንድ አገሮች ፈጥነው ተንቀሳቅሰዋል። ናይጄሪያ በበጀቷ ላይ 200 ሚሊዮን ዶላር ለጤና ጨመረች። ጋና ለጤና መድን ከሚሰበሰበው ቀረጥ ከፊሉ ወደ ሌላ እንዲዞር ያደርግ የነበረውን ጣሪያ አነሳች፤ ማለትም ለጤና ተብሎ የተሰበሰበው በሙሉ ለጤና እንዲውል። ሲታሰብ፣ ድሮም መሆን የነበረበት ነው።

ለድሬ የሚያሰጋኝ መድኃኒቱ ሳይሆን ትንኟ ናት። ስቴፈንሲ የምትባለዋ የወባ ትንኝ ከተማ ትወዳለች። በበርሜልና በታንከር በተጠራቀመ ውሃ ትራባለች፤ ዝናብ አትጠብቅም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ቤቱ ሁሉ በርሜል ነው። ድሬዳዋ በ2019 ዓመቱን ሙሉ ያስመዘገበችው የወባ ታማሚ 205 ነበር። በ2022 ከጃንዋሪ እስከ ሜይ ብቻ ከ2,400 በላይ ሆነ። ምክንያቱ ስቴፈንሲ መሆኗን ያረጋገጡት ትንኝ እየያዙ የሚመረምሩ ባለሙያዎች ናቸው።

ይህ የትንኝ ቅኝት በአገራችን በእጅጉ በውጭ ገንዘብ፣ በተለይም በአሜሪካው የወባ ፕሮግራም ይደገፍ ነበር። መድኃኒት ቢያልቅ ሕዝብ ይጮኻል፣ ስለዚህ መንግሥት ብር ይፈልጋል። ትንኝ የሚቆጥር ሰው ቢቀር ግን ማንም አይጮኽም፤ የሚታወቀው ወረርሽኙ ሲመጣ ነው። ማንም የማይጮኽለት ሥራ በጀት ላይ የመጨረሻውን ወረፋ ይይዛል።

የሆስፒታሉ የውስጥ ገቢ ከዚህ ጋር ይገናኛል?

በጣም። በጤና ፋይናንስ ማሻሻያው መሠረት ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ከታካሚ የሚሰበስቡትን ብር ራሳቸው ጋር አስቀርተው ለጥራት ይጠቀሙበታል። ደንቡ ይህ ገቢ ከመደበኛው በጀት በላይ ተጨማሪ ነው ይላል። «እናንተማ ገቢ አላችሁ» ተብሎ በጀት ሊቀነስባቸው አይገባም። ፈተናው ግን እዚህም ያው ነው። በጀት የሚያከፋፍለው ሰው ገቢውን እያየ እጁን ይሰበስባል። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድኑ ሲሰፋ ደግሞ ይህ ገቢ ያድጋል፤ ፈተናውም አብሮ።

ታዲያ እርዳታው ይቅር ትላለህ?

ኧረ አልልም። የኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ከመጀመሩ በፊት የነበረውን የሚያስታውስ ሰው እንዲህ አይልም።

እኔ ነዋሪ ነኝ፤ ምን ላደርግ እችላለሁ?

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። በዚያ ሰሞን የከተማው ምክር ቤት በጀቱን ይመክርበታል። ተወካያችሁን ያዙና እነዚህን ጠይቁ።

ጤና ጣቢያችን ውስጥ በፕሮጀክት የተቀጠሩ ስንት ናቸው? ውላቸው መቼ ያበቃል? ለጋሽ የሚሸፍነው ነገር በበጀቱ ላይ ዜሮ ሆኖ ነው የተቀመጠው ወይስ ትንሽም ብትሆን መስመር አላት? መስመር ያላት ነገር በሚቀጥለው ዓመት ልትጨመር ትችላለች። መስመር የሌላት ግን ከባዶ መነሳት አለባት፤ ያ ደግሞ አንድ ሙሉ በጀት ዓመት ይፈጃል።

«በእርዳታ አዲስ መሣሪያ ገባ» ሲባልም ወዲያው አታጨብጭቡ። ኬሚካሉን ማን ይገዛል፣ ሲበላሽስ ማን ይጠግነዋል፣ የጥገናው ብር በየትኛው የበጀት አርእስት ተይዟል ብላችሁ ጠይቁ። «እሱን በሂደት እናየዋለን» ከተባላችሁ አልተያዘም ማለት ነው።